አራት ኮርስ፣ አራት ዓይነት ፈተና፤ የቱን እንዴት ላጥና?

ለምለም_ቅጠል
ሰላም ወገኖች። ጀርመን ማስተርስ ጀምሬያለሁ፣ ገና የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ፈተና እየደረሰ ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ትምህርቱ አይደለም፣ የፈተናው ዓይነት ነው። አራት ኮርስ ይዣለሁ። አንዱ የሁለት ሰዓት የጽሑፍ ፈተና አለው። ሌላው የቃል ነው፤ ከፕሮፌሰሩ ጋር ፊት ለፊት ሠላሳ ደቂቃ። ሦስተኛው ፈተና የሚባል ነገር የለውም፣ አሥራ አምስት ገጽ ጽሑፍ አስገቢ ተብያለሁ። አራተኛው መጽሐፍ ከፍተሽ ነው የምትፈተኚው ይላሉ። ይሄኛውን ሰው ሁሉ «ነፃ ማርክ ነው» ይለኛል፣ እኔ ግን ጠርጥሬያለሁ።

እስካሁን የማውቀው ፈተና ሚድ እና ፋይናል ነው። ምርጫ፣ እውነት ሐሰት፣ ባዶ ቦታ ሙላ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ስሌት። ለዚያ እንዴት እንደሚጠና አውቃለሁ። ለቃል ፈተና ምን ተይዞ እንደሚገባ ግን የነገረኝ የለም። ደግሞ ውጤቱ ከ1.0 እስከ 5.0 ነው አሉ። ጥሩው ትልቁ ነው ወይስ ትንሹ? ሳቁብኝ፣ ግን መልሱልኝ።

ሦስተኛ_ፎቅ
ማን ይስቃል፣ ሁላችንም የጠየቅነው ነው። ጀርመን ውስጥ ጥሩው ትንሹ ነው። 1.0 ከሁሉ በላይ፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ፣ 5.0 ደግሞ ወድቀሻል ማለት ነው። መሃል ላይ 1.3፣ 1.7፣ 2.0 እያለ ይወርዳል።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ልንገርሽ። ለኮርሱ መመዝገብና ለፈተናው መመዝገብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍል ብትገቢ፣ አሳይመንቱን ሁሉ ብትሠሪ፣ ለፈተናው በጊዜው ካልተመዘገብሽ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ አይኖርም። ቀነ ገደቡ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ሰው ገና ማጥናት ሳይጀምር ነው። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ የዩኒቨርሲቲሽን የምዝገባ ፖርታል ክፈቺ።

ከዚያ የትምህርት ክፍልሽን የፈተና ደንብ ፈልጊ። እንቅልፍ የሚያመጣ ሰነድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚፈቀድ፣ ምዝገባ እስከ መቼ እንደሚሰረዝ፣ ብትታመሚ የሐኪም ወረቀቱን ለማን በስንት ቀን እንደምታስገቢ የተጻፈው እዚያ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን ፈተና መሞከር የሚቻለው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛውን ከወደቁ ከትምህርት ክፍሉ መሰናበት ይመጣል፤ ያንኑ ትምህርት ጀርመን ውስጥ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መቀጠልም በአብዛኛው አይቻልም። ስለዚህ «እስኪ ገብቼ ልየው» እዚህ አይሠራም።

ፈጣኑ_ባቡር
ፓስት ፔፐር። በቃ። ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰብስቢ፣ ሥሪ፣ ግቢ። የቀረው ወሬ ነው።

ሦስተኛ_ፎቅ
ለጽሑፍ ፈተናው እስማማለሁ፤ አስተማሪው ካልተቀየረ። አዲስ ሰው ኮርሱን ከያዘው የድሮው ወረቀት የጥያቄውን ቅርጽ እንኳን ላይነግርሽ ይችላል። ከላይ የተጻፈውን ስም አይተሽ ሥሪ። ለአሥራ አምስት ገጹ ጽሑፍስ ፓስት ፔፐር ምን ያደርግላታል?

መምህር_በርቀት
እኔ ከወረቀቱ ማዶ ነው የምቀመጠው፤ ለዓመታት ፈተና ሳርም ኖሬያለሁ። ከአራሚ ወንበር የሚታየውን ልንገራችሁ።

ጎበዝ ተማሪ ብዙ ነጥብ የሚያጣው ባለማወቅ አይደለም። ያልተጠየቀውን በመመለስ ነው። ሁለት ጥያቄ እንውሰድ። አንደኛው «የዋጋ ንረት መንስኤዎችን ዘርዝር፣ 5 ነጥብ» ይላል። አምስት መንስኤ፣ ለያንዳንዱ አንድ መስመር፣ አለቀ። ሁለት ገጽ ብትጽፉ ከ5 በላይ የምሰጠው ነጥብ የለኝም።

ሁለተኛው «የዋጋ ንረት ሁሌም የገንዘብ አቅርቦት መብዛት ውጤት ነው። ገምግም፣ 25 ነጥብ» ይላል። እዚህ ያንኑ ዝርዝር ይዛችሁ ከመጣችሁ ማለፊያም ላታገኙ ትችላላችሁ። የተፈለገው ፍርድ ነው። አባባሉን የሚደግፈው ምንድን ነው? የሚያፈርሰውስ? ነዳጅ ሲወደድ ወይም ሰብል ሲጠፋ ዋጋ የሚንረው የግድ ገንዘብ በዝቶ ነው? እሱስ ለአንድ ጊዜ የሚመጣ ጭማሪ ነው ወይስ ለዓመታት የሚቀጥል ንረት? ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ እናንተ የት ቆማችሁ? «ሁሌም» የምትለዋን ፈታኙ ዝም ብሎ አላስገባትም፤ ጥያቄው ያለው እሷ ላይ ነው። እሷን ሳይነኩ ሦስት ገጽ የሞሉ ስንት ወረቀቶች አይቻለሁ!

ከጥያቄው አጠገብ ያለው ቁጥር ሰዓታችሁን ያከፋፍልላችኋል። 120 ደቂቃና 100 ነጥብ ከሆነ፣ ለማንበብና መጨረሻ ላይ ለማጣራት 20 ደቂቃ አንሱ። ለአንድ ነጥብ አንድ ደቂቃ ቀረ። ባለ 25 ነጥቡ 25 ደቂቃ ሲሞላው ቦታ ትታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። በአንድ ጥያቄ ላይ የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች በቀላሉ ይገኛሉ፣ የመጨረሻዎቹ ናቸው ላብ የሚያስወጡት። ከ20 ወደ 22 ለመድረስ ሩብ ሰዓት ከምታቃጥሉ ያልተነካውን ጥያቄ ከ0 ወደ 10 ብታመጡት ያዋጣል። ባዶ ቦታ ላይ ልሰጥ ብፈልግም የምሰጠው ነገር የለም።

ስሌት ከሆነ መንገዱን ጻፉ። በብዙ ቦታ ነጥቡ የተከፋፈለው ለደረጃዎቹ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ከዚያ ወዲያ ያለው በትክክል ከተሠራ አብዛኛው ነጥብ ይተርፋል። የተሳሳተ መልስ ብቻውን አስቀምጦ የሄደውን ግን ምን ላድርገው?

እግረ መንገዴን፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች አንድ ነጥብ አምስት የሚጻፈው በኮማ፣ 1,5 ተብሎ ነው። 1.500 ደግሞ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሊሆን ይችላል። ቀንም እንዲሁ ነው፤ 03/05 እንግሊዝ ውስጥ ሜይ 3 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ማርች 5። የፈተና መርሐ ግብር ስታነቡ ትዝ ይበላችሁ።

ለምለም_ቅጠል
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። «ከአምስቱ ሦስቱን መርጣችሁ ሥሩ» ሲባል አራት ብሠራ ጥሩ ጥሩው ይያዝልኛል?

መምህር_በርቀት
እንደ ቦታው ነው፣ ልጄ። አንዳንዱ ጋ የሚታረሙት በቅደም ተከተል የመጀመሪያዎቹ ሦስት ናቸው፣ አራተኛው አይታይም። ለአራተኛው ያጠፋሽው ጊዜ ከሦስቱ የተሰረቀ ነው። ከጀመርሽው ደግሞ የማትፈልጊውን በግልጽ ሰርዢው፤ ለአራሚው ምርጫ አትተዪለት።

የደቡብ_ንፋስ
ስለ ቃል ፈተና እኔ ልቀበል። ጣሊያን ነው የምማረው፣ እዚህ የቃል ፈተና የተለመደ ነገር ነው። ውጤቱ ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18። በጣም ላስደነቀ ሰው «30 ኤ ሎዴ» ይሰጣል፣ ሠላሳ ከምስጋና ጋር እንደማለት።

የቃል ፈተና እዚህ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሌላ ተማሪ ሲፈተን ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መስማት ይቻላል። እኔ የመጀመሪያዬን ከመፈተኔ በፊት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ግማሽ ቀን ቁጭ ብለሽ ስትሰሚ ፕሮፌሰሯ የምትወደውን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ሰው ሲቆም ምን እንደምታደርግ ታያለሽ። አንዱ ልጅ የተጠየቀውን ፍቺ ቃል በቃል ደገመው። «ጥሩ፣ አሁን ይህ የማይሠራበትን ሁኔታ ንገረኝ» አለችው። ዝም። ሌላዋ ፍቺውን ራሱ እያደናቀፋት ነው የተናገረችው፣ ግን ምሳሌ ሰጠች፣ ምሳሌው የት ላይ እንደሚፈርስ አሳየች። የተሻለ ያገኘችው እሷ ናት። የጽሑፍ ፈተና ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚጠይቅሽ። የቃል ፈተና ግን ከመልስሽ ተነስቶ ይቀጥላል። የማታውቂውን ቃል ከአፍሽ ካወጣሽ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ እሱ ነው፣ ቁርጥ ነው!

ብዙ ጊዜ መግቢያው ላይ «በፈለግሽው ርዕስ ጀምሪ» ይላሉ። አንድ ርዕስ ለአምስት ደቂቃ ሳትቆሚ ማውራት እስክትችዪ አዘጋጂ። በአፍሽ ነው እንጂ በዓይንሽ አይደለም። ጮክ ብለሽ፣ ለጓደኛ፣ ጓደኛ ከጠፋም ለግድግዳ። በሁለተኛ ቋንቋ ስታወሪ በልብሽ ያለው ከአፍሽ ሲወጣ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

የማታውቂው ሲመጣ ዝም አትበዪ። «ይህን በቀጥታ አላስታውሰውም፣ ግን ከዚህኛው መርህ ብነሳ...» ብለሽ ማሰቢያሽን አሰሚያቸው። ብዙዎቹ ይረዱሻል፣ መንገድ ያሳዩሻል። ጥያቄው ካልገባሽም በሌላ አነጋገር እንዲደግሙልሽ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደግሞ ጣሊያን ያላችሁ ልብ በሉ፦ በአብዛኛው ቦታ የተሰጣችሁን ነጥብ አልቀበልም ብላችሁ በሚቀጥለው ዙር እንደገና መፈተን ትችላላችሁ። «24፣ ትቀበላለህ?» ሲሉ ከልባቸው ነው የሚጠይቁት። የኮርሱን ደንብ ግን ቀድማችሁ እዩ፣ የማይፈቅድም አለ።

ሦስተኛ_ፎቅ
ጀርመን በአብዛኛው ነጥብ አልቀበልም ማለት የለም፣ ለምለም፣ እንዳትሞክሪው። 🙂 የቃል ፈተናውም እንደዚያ ክፍት አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ከፕሮፌሰሩ ሌላ አንድ ሰው ተቀምጦ ሲጽፍ ታዪያለሽ። አትደንግጪ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው፤ የተጠየቅሽውንና የመለስሽውን ይመዘግባል።

ሰሜን_በረዶ
እኛ ጋ ሩሲያ ደግሞ ዕጣ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትኬት የሚባሉ ወረቀቶች በጀርባቸው ተደርድረዋል፣ አንዱን ታነሳለህ፣ ላዩ ላይ ሁለት ሦስት ጥያቄ አለ። ጥግ ላይ ተቀምጠህ ትዘጋጃለህ፣ ከዚያ ቀርበህ ትመልሳለህ። የጥያቄዎቹ ዝርዝር ቀድሞ ስለሚሰጥ የሚመጣው አይጠፋህም፣ የትኛው እንደሚደርስህ ነው የማታውቀው። ውጤቱ 5 ከፍተኛ፣ 3 ማለፊያ፣ 2 መውደቅ ነው። ከጀርመን የተገላቢጦሽ።

ዳዊት_አይደለሁም
ስለ መጽሐፍ የሚከፈትበት ፈተና። ጥርጣሬሽ ልክ ነው ለምለም። ነፃ ማርክ ያለሽን ሰው አትስሚ።

መጽሐፍ ከተፈቀደ ፈታኙ «ይህ ምንድን ነው» ብሎ አይጠይቅም፣ መልሱ ገጽ 40 ላይ አለ። የሚጠይቀው አዲስ ሁኔታ ሰጥቶ «ይህን እዚህ ላይ ተጠቀሚበት» ብሎ ነው። መጽሐፉን እዚያው ለመማር የሚሞክር ሰው ገጽ ሲገልጥ ሰዓቱ ያልቅበታል። ስለዚህ እንደ ዝግ ፈተና አጥኚ፣ ከዚያ የሁለት ገጽ ማውጫ በእጅሽ ሥሪ፦ የትኛው ፎርሙላ የት ገጽ፣ የትኛው ምሳሌ ለየትኛው ዓይነት ጥያቄ። መጽሐፉ ላይ ባለ ቀለም ምልክት ለጥፊ። ፈተናው ላይ የምትከፍቺው ቁጥር ለማረጋገጥ ብቻ ይሁን።

«ክፍት» ሲሉ ምን ክፍት እንደሆነም ጠይቂ። የታተመ መጽሐፍ ብቻ ነው? የእጅ ማስታወሻስ? ታብሌት? አንዳንዱ ጋ አንድ ገጽ፣ ያውም በእጅ የተጻፈ፣ ከዚያ ሌላ የለም። ካልኩሌተርም እንዲሁ፤ ፕሮግራም የሚቀበለውን የሚከለክሉ ብዙ ናቸው።

ጭጋግ_ለምዶብኝ
እንግሊዝ ያለነው ሌላ ጣጣ አለብን። ውጤቱ ከ100 ነው ይባላል፣ ግን ላይኛው ክፍል ማንም አይኖርበትም። 70 ካገኘህ ከፍተኛው ማዕረግ ውስጥ ነህ። ከ60 እስከ 69 ጥሩ የሚባል ውጤት ነው። በድርሰት መልክ በሚጻፍ ትምህርት 80 ካየህ ፎቶ አንሳው። ማለፊያው ለመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 40፣ ለማስተርስ 50 ነው። 90 ለምዶ መጥቶ 62 ሲያይ ትምህርት ላቋርጥ ያለ ልጅ አውቃለሁ፤ ከክፍሉ ቀዳሚዎቹ ውስጥ ነበር! ፈረንሳይም ከ20 ነው፣ ማለፊያው 10፣ 14 ካገኘህ ደስ ይበልህ። ሆላንድ ከ10 ነው፣ 9 እና 10 ብርቅ ናቸው። ቁጥሩን ወደለመድከው መቶኛ አትቀይረው፣ ያሳምምሃል።

ሌላው፣ እዚህ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ስም አይጻፍም፣ የተፈታኝ ቁጥር ነው። በድጋሚ ፈተና ደግሞ የቱንም ያህል ብትሠራ በአብዛኛው የሚመዘገብልህ ማለፊያው ብቻ ነው። ከታመምክ ሳትገባ በፊት አሳውቅ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተህ ከተቀመጥክ «ጤነኛ ነኝ» ብለህ እንደፈረምክ ነው የሚቆጠረው፤ በኋላ ታምሜ ነበር ብትል ሰሚ የለም።

ለምለም_ቅጠል
የ62ቱ ነገር አስደነገጠኝ። ስለ አሥራ አምስት ገጹስ የሚነግረኝ አለ? ፈተና የለውም ማለት ይቀላል ማለት ነው ብዬ ነበር።

ምዕራብ_ዳርቻ
አይቀልም። ከአሜሪካ ነኝ፣ እዚህ ግማሹ ኮርስ በጽሑፍ ነው የሚያልቀው። ገጹን አትቁጠሪ፣ ጥያቄ ያዢ። «ስደትና ኢኮኖሚ» ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። አንድ የሚመለስ ጥያቄ ቀርጸሽ በግማሽ ገጽ ለአስተማሪሽ አሳዪ፣ መጻፍ ሳትጀምሪ። ለዚህ ነው የቢሮ ሰዓት ያላቸው። ስትሄጂ ሥራ የሚበዛባቸው ይመስልሻል፣ አንዳንዴ ግን ማንም ሳይመጣ ብቻቸውን ነው የሚቀመጡት።

ሲላበስ የሚባለውን የኮርስ ዕቅድ ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አትጣዪው። እዚህ ውጤቱ ተበታትኖ ነው የሚሰበሰበው፦ ኩዊዝ፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ የክፍል ተሳትፎ ሳይቀር። ተሳትፎ 10 ከመቶ ከሆነ ጥግ ይዞ ዝም ማለት 10 ነጥብ መጣል ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ቤት ተወስዶ የሚሠራ ፈተና ሲሰጥ አብሮ መሥራት ካልተፈቀደ ማጭበርበር ነው። አጠገብህ ካለው ልጅ ጋር «ሦስተኛውን እንዴት ሠራኸው» መባባል ራሱ ኮሚቴ ፊት ያቀርባል። ለአሳይመንት በቡድን ተፈቅዶ ለፈተናው የሚከለከል አለ፣ በአንድ ኮርስ ውስጥ። ቻትጂፒቲና መሰሎቹም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱ አስተማሪ ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል፣ ሦስተኛው ተጠቀሙና ግለጹ ይላል። ሌላ ኮርስ ላይ ያስገባሽውን የራስሽን ጽሑፍ መልሶ ማስገባትም በብዙ ቦታ ጥፋት ነው። የራሴ አይደለም እንዴ ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ገና_ጀማሪ
ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የኔ ፈተና ምርጫ ነው፣ ግን የተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀንሳል ይላል። ካላወቅሁ ልገምት ወይስ ልተወው?

ዳዊት_አይደለሁም
ስሌቱ ቀላል ነው። አራት ምርጫ ካለው፣ ትክክል 1 የሚያስገኝ፣ ስህተት አንድ ሦስተኛ የሚቀንስ ከሆነ፣ በጭፍን መገመት በአማካይ ዜሮ ነው። አንድ ጊዜ ታገኛለህ፣ ሦስት ጊዜ ትሳሳታለህ፣ ሦስት ሲሶ አንድ ነው፣ ተቻቻለ። ከአራቱ አንዱን በርግጠኝነት መሰረዝ ከቻልክ ግን ሚዛኑ ወዳንተ ያጋድላል፤ በየጥያቄው በአማካይ አንድ ዘጠነኛ ታተርፋለህ። ሁለቱን ከሰረዝክ አንድ ሦስተኛ። ቅጣቱ ከዚያ ከከበደ፣ ለምሳሌ ስህተት ሙሉ 1 የሚቀንስ ከሆነ፣ ከግማሽ በላይ እርግጠኛ ካልሆንክ እጅህን ሰብስብ። ቅጣት ከሌለው ደግሞ አንድም ባዶ አትተው።

ፈጣኑ_ባቡር
እሺ፣ ከፓስት ፔፐር ሌላም ነገር አለ ለካ። 😄 አንድ ልጨምር። ኮምፒውተር ላይ የምትፈተኑ፣ የልምምድ ፈተና ከተከፈተላችሁ አትዝለሉት። ሌላ መስኮት እንዳትከፍቱ የሚዘጋ ፕሮግራም አለ፣ ዙሪክ ያለው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ የሠራው «ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር» አንዱ ነው። እሱን በፈተናው ጠዋት መጫን ራስን ማሠቃየት ነው።

ለምለም_ቅጠል
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፖርታሉን ከፈትኩ፣ ለሁለቱ ምዝገባው ሊዘጋ ቀናት ነበር የቀሩት፣ ተመዝግቤያለሁ። የኮርሱን መግለጫም አነበብኩ። «ክፍት» የተባለው የታተመና በእጅ የተጻፈ ብቻ ነው፣ ታብሌት የለም። እኔ ሁሉን ነገር ታብሌቴ ላይ ነበር ያለኝ፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ ማተም እጀምራለሁ። የቃል ፈተናውን ርዕስ ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል አድርጌ ጠይቄያለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላት ይዞ መግባት ይቻላል?

ሦስተኛ_ፎቅ
አንዱ ይፈቅዳል፣ አንዱ ይከለክላል፣ አንዱ ቀድሞ ታይቶ ይለፍ ይላል። ለአስተማሪው ጻፊና መልሱን አትመሽ ይዘሽ ግቢ፤ በዕለቱ ክፍሉን የሚጠብቀው ሰው ሌላ ነው፣ በቃል የተባለልሽን አያውቅም። የወረቀት መዝገበ ቃላት ይሁን፣ ውስጡም ምንም የተጫረ ነገር አይኑር። ውጤት ሲወጣ ደግሞ የታረመውን ወረቀት የምታዪበት ቀን ይለጠፋል፣ ብታልፊም ሂጂና እዪው። ያ አስተማሪ በሚቀጥለው ሴሚስተርም ሌላ ኮርስ ሊሰጥሽ ይችላል፣ ምን ላይ እንደሚቀንስ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።